አዲስ መኪና በካርቱም፦ ቁጠባ፣ መሸሻ እና ምርኮ

አዲስ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት በየትኛውም ከተማ ይመሳሰላሉ። የመኪናው ውስጥ ሽታ ገና አልለቀቀም፤ ወንበሮቹ ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው። ባለቤቱ ሌሊት ተነሥቶ በመስኮት አሻግሮ ያየዋል። ባቆመው ቁጥር ዞሮ ጎማውን፣ በሩንና መከላከያውን ይቃኛል። አዲስ አበባ ላይ ወዳጅ ዘመድ "መቼ ነው የምታስመርቀን?" ሲል፣ ካርቱም ላይ "ከራማ" ይጠበቃል። ከራማ ለተገኘው በረከት ምስጋና በግ ታርዶ ጎረቤትና ችግረኛ የሚበላበት የሱዳናውያን ልማድ ነው።

በሱዳን ዋና ከተማ ግን በዚህ ደስታ ላይ ሌላ ስሜት ተደርቦ ኖሯል። መኪናው መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ዋነኛ ቁጠባ በመሆኑ፣ መንዳቱ ራሱ ያስፈራል። በሩ ላይ የወጣ ጭረት ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ከተቀመጠ ገንዘብ ላይ እንደተቀነሰ ይቆጠራል። ላስቲኩ ከወንበሩ ላይ ሳይነሳ ወራት የሚያልፈው ባለቤቱ መኪናውን አንድ ቀን መልሶ እንደሚሸጠው ገና ሲገዛው ስለሚያውቅ ነው።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ፣ ይህ በአራት ጎማ ላይ የተቀመጠ ቁጠባ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ። ቁልፉ በእጁ፣ ነዳጁ በታንከሩ ላለ ሰው መሸሻ፤ ጠመንጃ ለያዘው ደግሞ ምርኮ። የካርቱም መኪኖች ታሪክ የከተማዋ መካከለኛ ገቢ ያለው ነዋሪ ሀብቱን እንዴት እንዳፈራ፣ የት እንዳስቀመጠና እንዴት እንዳጣው ያሳያል።

ባንክ በማይታመንበት አገር

ሱዳናውያን ገንዘባቸውን በመኪና ማስቀመጥ የመረጡት ያለምክንያት አይደለም። ደቡብ ሱዳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2011 ነጻ አገር ስትሆን፣ ካርቱም ከነዳጅ ዘይት ምርቷ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አጣች። የውጭ ምንዛሪው ምንጭ ሲደርቅ የሱዳን ፓውንድ መውረድ ጀመረ። በ2018 ባንኮች የጥሬ ገንዘብ እጥረት ገጠማቸው። ደንበኞች የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት ከባንክ በር ላይ ተሰልፈው ይውሉ ነበር፤ በቀን የሚወጣው መጠንም ተገደበ። በባንክ ያለ ገንዘብ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ የሆነባቸው ሰዎች ወደሚጨበጥ ነገር ዞሩ፤ ወደ መሬት፣ ወደ ወርቅ፣ ወደ ዶላር እና ወደ መኪና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ምርጫቸውን ትክክል አስመሰሉት። የሽግግር መንግሥቱ በየካቲት 2021 ፓውንዱን በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲያደርግ፣ ይፋዊው ተመን በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ለአንድ ዶላር ተሻገረ። በባንክ 55 ሺህ ፓውንድ የነበረው ሰው፣ ከዋዜማው ይፋዊ ተመን አንጻር የ1,000 ዶላር ባለቤት ነበር፤ በማግስቱ ገንዘቡ 150 ዶላር አልሞላም። በእርግጥ ትይዩው ገበያ ይህን ውድቀት ቀድሞ ያውቀው ስለነበር፣ ውሳኔው ለብዙዎች የሚያውቁትን ሐቅ በይፋ ያጸደቀ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ420 በመቶ በላይ ደረሰ።

መኪና ግን በተቃራኒው ሄደ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የጉምሩክ ሥርዓቱ ነው። ሱዳን ለረጅም ጊዜ የገቢ ዕቃዎችን ቀረጥ የምታሰላው "የጉምሩክ ዶላር" በሚባል፣ ከገበያው እጅግ ዝቅ ባለ የተለየ ተመን ነበር። ይህ ተመን 28 ፓውንድ ላይ ቆሞ ቆይቶ በሰኔ 2021 ሲሰረዝና ከገበያው ጋር ሲዋሐድ፣ ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በፓውንድ ሲሰላ በብዙ እጥፍ አደገ። ከዚያ ቀን በፊት የገዛ ሰው መኪናውን ከግቢው ሳያወጣ በፓውንድ ሲቆጠር ሀብታም ሆነ። ደመወዝተኛ ሆኖ መኪና ለመግዛት የሚቆጥብ ሰው ግን ግቡ ይበልጥ ራቀበት።

ሌላው ምክንያት የአቅርቦት ማነስ ነው። አሜሪካ በኅዳር 1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። ማዕቀቡ የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ መኪኖችን ብቻ ሳይሆን፣ ዓለም አቀፍ የባንክ ዝውውርን በማወክ የመለዋወጫ ዕቃ ግዢን ጭምር አክብዷል። መንግሥት በበኩሉ ከካርቱም በስተደቡብ፣ በገዚራ ግዛት፣ "ጂያድ" የተሰኘ የኢንዱስትሪ ከተማ አቋቁሞ የእስያ ኩባንያዎችን መኪኖች በአገር ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ጂያድ ራሱ በ2007 በአሜሪካ የማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባትም በ2010 ገደማ በመከልከሉ፣ በአገሪቱ ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ዋጋው እየወደደ ሄደ።

በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከመሸጫው በር በወጣበት ቅጽበት ዋጋው ይቀንሳል። በካርቱም ግን በፓውንድ ሲተመን ብዙ ጊዜ ይጨምር ነበር። በዚህ ምክንያት አዲስ መኪና መንዳት የሚሰጠው ስሜት የተለየ ነው። አሽከርካሪው የተቀመጠው በቁጠባ ሒሳቡ ላይ ነውና ወደ ጠባብ መንገድ አይገባም፤ በዝናብ ወቅት በጎርፍ ውስጥ ማለፍ ይፈራል፤ መኪናውን ለዘመድ ማዋስም ይከብደዋል።

"የቧንቧዎች ገበያ"

መኪና እንደ ገንዘብ ሲቆጠር የሚመጣውን አደጋ ሱዳን ከጦርነቱ ከዓመታት በፊት አይታዋለች። በሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሺር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010፣ "ሱቅ አል-መዋሲር" የሚል ስም የወጣለት ግብይት ነበር። ቃሉ የቧንቧዎች ገበያ እንደማለት ሲሆን፣ በሱዳናውያን ቋንቋ ባዶ ተስፋንም ያመለክታል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነጋዴዎቹ መኪናን ከገበያ ዋጋው አስበልጠው ይገዛሉ፤ ክፍያው ግን ከሳምንታት በኋላ በሚመነዘር ቼክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሻጮች ገንዘባቸውን በወቅቱ ስላገኙ ወሬው ተዛመተ። ሰዎች መኪናቸውን፣ ወርቃቸውንና መሬታቸውን ይዘው መጡ። ለቀደሙት የሚከፈለው ግን ከኋላ ከመጡት ከተሰበሰበው ነበር። ሰንሰለቱ በ2010 ጸደይ ሲበጠስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ንብረታቸውን አጡ። በኤል ፋሺር በተነሣው የተቃውሞ ሰልፍ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ተገድለዋል።

የሱዳን ባንኮች በእስላማዊ የፋይናንስ ሥርዓት የሚመሩ ሲሆኑ፣ መኪና በብድር የሚገዛው በአብዛኛው "ሙራባሐ" በሚባለው መንገድ ነው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ወለድ የለም፤ ትርፉ አስቀድሞ ይታወቃል። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሰው መኪናውን በሙራባሐ ወስዶ በዚያው ቀን በርካሽ ሊሸጠው ይችላል፤ ዕዳውን ደግሞ በኋላ ይከፍላል። ማዕከላዊ ባንኩ በተለያዩ ጊዜያት ባንኮች ለመኪና ግዢ የሚሰጡትን ብድር የገደበው ይህን መሰሉን ግብይት በመፍራት ጭምር ነው። መኪናው በእጅ የሚዞር ገንዘብ ሆኖ ነበርና።

የቤንዚን ሰልፍ

በካርቱም መኪና የገዛ ሰው ሁለተኛው ፈተና ነዳጅ ነበር። ሱዳን ከ1999 ጀምሮ ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ የላከች አገር ናት። ከካርቱም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአል-ጄይሊ የሚገኘው፣ ከቻይና ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ጋር በጋራ የተገነባው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ በርሜል የማጣራት አቅም ነበረው። የኢትዮጵያ አሽከርካሪዎችም ከዚህ ማጣሪያ ተጠቅመዋል። ከ2003 ጀምሮ ለዓመታት ኢትዮጵያ ቤንዚን ከሱዳን በመተማ በኩል ታስገባ ነበር።

ሆኖም ከደቡብ ሱዳን መገንጠል በኋላ ካርቱም ነዳጅ ከውጭ ለመግዛት ዶላር አነሳት። በ2018 በማደያዎች ደጃፍ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለሊቱን ሙሉ መሰለፍ የዕለት ኑሮ አካል ሆነ። በታኅሣሥ 2018 በዳቦ ዋጋ ምክንያት በአትባራ ተነሥቶ ወደ ካርቱም የተዛመተው ተቃውሞ፣ በሚያዝያ 2019 ኦማር አል-በሽርን ከ30 ዓመት ሥልጣናቸው አስወገደ። የሽግግሩ መንግሥት ደግሞ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በደረሰው ስምምነት መሠረት በሰኔ 2021 የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማን ሙሉ በሙሉ አነሣ። ሰልፉ አጠረ፤ ዋጋው ግን ብዙዎች መኪናቸውን አቁመው በእግር እንዲሄዱ አስገደደ።

ይህ ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። የነዳጅ ሰልፍ፣ የድጎማ መነሣትና የምንዛሪ ለውጥ በአዲስ አበባም በተቀራራቢ ዓመታት ታይተዋል። ልዩነቱ ካርቱም ውስጥ የምጣኔ ሀብት ማሻሻያው ፍሬ ሊያፈራ ጊዜ አለማግኘቱ ነው። በጥቅምት 2021 ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ሽግግሩን አቋረጠው።

ከራክሻ እስከ ቦክሲ

ካርቱም፣ ባሕሪ እና ኦምዱርማን በነጭና በጥቁር ዓባይ የተከፈሉ፣ በድልድዮች የተያያዙ ሦስት ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ድልድዮች ላይ የሚያልፈው ተሽከርካሪ የማኅበረሰቡን የኑሮ መሰላል ያሳያል። ከታች "ራክሻ" አለ፤ እኛ ባጃጅ የምንለው ባለሦስት እግር። ከእሱ በላይ "አምጃድ" የሚባለው ትንሽ ሚኒባስ በታክሲነት ይሠራል። "ቦክሲ" ደግሞ የዕቃና የሰው መጫኛ ፒካፕ ነው። የቤት መኪና በላይኛው እርከን ላይ ይገኛል። በዳርፉር ከሊቢያና ከቻድ ያለ ሰሌዳ የሚገቡ መኪኖችን ደግሞ ሰዉ "ቦኮ ሐራም" ይላቸዋል፤ ርካሽ ናቸው፣ ሕጋዊነታቸው ግን ሁሌም አከራካሪ ነው።

ለሴቶች መኪና ሌላ ትርጉም ነበረው። ሴቶች በሱዳን መንዳት የተከለከሉበት ጊዜ አልነበረም። ነገር ግን በካርቱም ግዛት የነበረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አለባበሳቸውንና ከማን ጋር እንደሚሄዱ ጭምር ይቆጣጠር ነበር። ሕጉ እስከተሻረበት እስከ ኅዳር 2019 ድረስ፣ በሕዝብ ማመላለሻ ወይም በእግር የምትሄድ ሴት ለፖሊስ ጥያቄ ትጋለጥ ነበር፤ በመኪና ውስጥ ያለችም ከፍተሻ ነጻ አልነበረችም። ያም ሆኖ የራሷን መሪ የያዘች ሴት በሰዓቷ የመውጣትና የመመለስ ነጻነት ነበራት። ለብዙ ተማሪዎችና ሠራተኞች የመጀመሪያው መኪና የመጀመሪያው የግል ክፍላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ምሽት ላይ የከተማዋ ወጣቶች መኪናቸውን በዓባይ ጎዳና ዳር አቁመው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሻዩን የሚያፈሉት ሴቶች፣ "ሲት አል-ሻይ" የሚባሉት፣ ከፊሎቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። በአል-ደይም እና በአል-ጅሬፍ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤትና በሾፌርነት ገንዘብ ይቋጥሩ ነበር። ለአንዳንዶቹ የቁጠባው የመጨረሻ ግብ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ መግዛት ነበር። የእነሱም ቁጠባ እንደ ሱዳናውያኑ ሁሉ በፓውንድ ውድቀት ሲሸረሸር ቆይቷል።

ቀዳም ሥዑር፣ 2015 ዓ.ም.

ጦርነቱ የጀመረበት ቅዳሜ ለሙስሊሞች የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ለበዓል ለመገበያየት የወጡ የካርቱም ነዋሪዎች በተኩስ መካከል ተገኙ። የጄኔራል አብደል ፋታህ አል-ቡርሐን ጦር እና የጄኔራል ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በቤተ መንግሥቱና በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ መዋጋት ጀመሩ።

በቀናት ውስጥ መኪና ያለውና የሌለው ሰው ዕጣ ተለያየ። መኪናና ነዳጅ ያለው በስተሰሜን ወደ ግብፅ ድንበር፣ በስተምሥራቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ፖርት ሱዳን፣ በስተደቡብ ወደ ዋድ መዳኒ ተጓዘ። የሌለው ደግሞ በብዙ እጥፍ የናረ የአውቶቡስ ዋጋ መክፈል ወይም ባለበት መቆየት ነበረበት። በገዳሪፍ አድርገው መተማ የደረሱት መካከል ሱዳናውያን፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገራት ዜጎች ነበሩ።

በዚህ ጉዞ መኪናው ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ቤት ሆነ። ቤተሰቦች በድንበር ላይ ለቀናት በመኪናቸው ውስጥ አደሩ። ግብፅ በሰኔ 2023 ለሁሉም ሱዳናውያን የቪዛ ግዴታ ስትጥል ደግሞ ወረፋው ረዘመ። አንዳንዶች መኪናቸውን በድንበር ከተሞች በተገኘው ዋጋ ሸጠው ተሻገሩ። በፍጥነት መሸጥ ያለበት ንብረት ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። የዓመታት ቁጠባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመንዝሮ የቪዛና የቤት ኪራይ ሆነ።

መኪናውን በጋራዥ ቆልፎ የሄደው ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በካርቱም የመኪና ዘረፋ የተስፋፋ ሲሆን፣ ነዋሪዎችና የመብት ተሟጋቾች በዋነኝነት የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉን ተዋጊዎች ተጠያቂ አድርገዋል። የኃይሉ አመራሮች ክሱን አስተባብለው፣ ድርጊቱን ከቁጥጥር ውጪ በሆኑ ሕገ ወጦች ላይ አሳበዋል። ጦሩ በሚቆጣጠራቸው ሰፈሮችም ዘረፋ እንደተፈጸመ ተዘግቧል። ሱዳናውያን ለዚህ አዲስ ክስተት "ሸፍሸፋ" የሚል ቃል አወጡለት። የተዘረፉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸው ቦታዎችም በፈጥኖ ደራሹ መሪ ቤተሰብ ስም "የዳጋሎ ገበያ" ተብለው ተጠሩ። ከካርቱም የተወሰዱ መኪኖች በምዕራብ ወደ ቻድ፣ በደቡብ ወደ ደቡብ ሱዳን መሻገራቸው ተነግሯል።

ዘረፋው የከፋ ያደረገው አንድ ነገር አለ። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ዋጋው ቢወርድም በስምህ ተመዝግቦ ይቆያል። መኪና ግን ቁልፉን ወይም ጠመንጃውን ለያዘ ሁሉ ይታዘዛል። የካርቱም ነዋሪዎች ከዋጋ ንረት ለመሸሽ የመረጡት ሀብት ከሌሎች ሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚወሰድ ነበር። ወደ ዋድ መዳኒ ያመለጡትም አልዳኑም። ፈጥኖ ደራሹ በታኅሣሥ 2023 ከተማዋን ሲይዝ፣ ከካርቱም ያተረፉትን መኪና እዚያ የተነጠቁ ብዙ ናቸው።

መድንም አልደረሰላቸውም። ሱዳን በ1979 በዓለም የመጀመሪያውን እስላማዊ የመድን ኩባንያ በማቋቋም ትታወቃለች። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ዓለም እንደተለመደው የመኪና መድን ውሎች በጦርነት የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። መኪናቸው የተወሰደባቸው ሰዎች የቀራቸው ሊብሬው፣ መለዋወጫ ቁልፉና ምናልባትም በስልካቸው ላይ የቀረ ፎቶግራፍ ነው።

የተመለሱት ያዩት

የሱዳን ጦር መጋቢት 12/2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ሲይዝና ከሁለት ወር በኋላ የካርቱም ግዛት ከፈጥኖ ደራሹ ነጻ መውጣቷን ሲያውጅ፣ ነዋሪዎች ቀስ በቀስ መመለስ ጀመሩ። ያገኙት የተቃጠሉ፣ ሞተራቸው የወጣ፣ ጎማና ባትሪያቸው የተወሰደ በርካታ የመኪና አካላት በየመንገዱ ተጥለው ነው። የኤሌክትሪክ መስመሮች ሳይቀሩ ለመዳባቸው ሲባል ከመሬት ተቆፍረው ወጥተዋል። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኅዳር 2023 ወድሟል። የአል-ጄይሊው ማጣሪያ በጦርነቱ ተቃጥሎ በጥር 2025 ወደ ጦሩ እጅ ሲመለስ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ፓውንዱም ከጦርነቱ በፊት በዶላር 600 ገደማ ከነበረበት፣ በ2024 አጋማሽ በትይዩ ገበያው ከ2,000 በላይ ተሻግሯል።

ባለሥልጣናት ተጥለው የተገኙ መኪኖችን በተወሰኑ ቦታዎች ሰብስበው ባለቤቶች መጥተው እንዲለዩ ጥሪ አድርገዋል። ሰሌዳው የተቀየረ ወይም የጠፋ መኪና የሚለየው በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰነድ ያለው ማን ነው ወደሚለው ይዞራል። ቤታቸው ከነወረቀቱ የተቃጠለባቸው፣ መኪናውን በውክልና ገዝተው ስም ሳያዛውሩ የቆዩ፣ በስደት ያሉ ሰዎች መብታቸውን ለማስረዳት ይቸገራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከዘራፊ ሳያውቁ የገዙ ሰዎች አሉ። በጎረቤት አገር ለተገኘ መኪና ጉዳዩ የሁለት መንግሥታት ትብብርን ይጠይቃል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በተፈናቀሉበት አገር የመኪና ክርክር ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለብዙ ቤተሰቦች ኑሮን እንደገና ለመጀመር ያላቸው ብቸኛ መነሻ ካፒታል እሱ ነበር።

ትምህርቱ ለአዲስ አበባ

ኢትዮጵያና ሱዳን በመኪና ጉዳይ የጋራ ታሪክ አላቸው። ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር ሱዳን እስከ 1973 በእንግሊዞቹ ልማድ በግራ ትነዳ ነበር። በእነዚያ ዓመታት መተማን የሚያቋርጥ ሾፌር ድንበሩ ላይ መስመር መቀየር ነበረበት። ዛሬ ሁለቱም አገራት በቀኝ ይነዳሉ፤ የሚገጥማቸው ጥያቄም ይቀራረባል።

ኢትዮጵያ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ምክንያቱ በካርቱም እንደነበረው ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው ዶላር ከአቅም በላይ ሆኗል። ለኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይስና የሱር ታክስ ቀርቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ ቀረጥ ተወስኗል፤ ተበታትኖ መጥቶ በአገር ውስጥ ለሚገጣጠም ደግሞ ቀረጥ የለም። ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ እንደሚበልጡ ይናገራሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት የመጀመሪያ ስሜት ጸጥታው ነው፤ ሞተሩ መነሣቱ አይሰማም። ቀጥሎ የሚመጣው ስሜት ግን የካርቱሙን ሰው ይመስላል። ከከተማ ወጥቶ ቻርጅ የት ይገኛል? መብራት ቢጠፋስ? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? መልሶ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? ብር ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ወደ ከ100 ብር በላይ ማለፉ ይታወሳል። በዚያ ወቅት በነዳጅ የሚሠራ ያገለገለ መኪና የነበራቸው ሰዎች የካርቱም ነዋሪዎች በ2021 ያዩትን ዓይነት ነገር አይተዋል፤ ንብረታቸው ቆሞ ሳለ በብር ሲተመን ወደደ።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ልማድ ሊለውጠው ይችላል። ባትሪ ከጊዜ ጋር አቅሙ ይቀንሳል፤ ቴክኖሎጂውም በየዓመቱ ስለሚሻሻል አዲሱ የቀድሞውን ዋጋ ያወርዳል። መኪናን እንደ ወርቅ ለማስቀመጥ የሚገዛ ሰው በዚህ ሊከስር ይችላል። ለመንዳት የሚገዛ ግን ከማደያ ሰልፍ ይገላገላል። የትኛው ስሌት እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ከመኪናው ይልቅ የገንዘቡ ጥንካሬ ነው። ዜጎች በብራቸውና በባንካቸው ከተማመኑ መኪና መጓጓዣ ይሆናል፤ ካልተማመኑ ግን ሀብት የሚሸሸግበት ሳጥን ሆኖ ይቀጥላል።

ምን ይጠበቃል?

የካርቱም መኪና ገበያ መነቃቃት የሰላም ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። መኪና በጦርነት መካከልም ይሸጣል፤ እንዲያውም ፓውንዱ ሲወድቅ ፍላጎቱ ይጨምራል። ትክክለኛው ምልክት ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው የሰሌዳና የባለቤትነት መዝገብ በመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ መሥራት መጀመሩ ነው፤ አገሪቱ በተፋላሚዎች በተከፈለችበት ሁኔታ ይህ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው ባንኮች ተቀማጭ ገንዘብን ያለገደብ መክፈል መቻላቸው ነው። ሦስተኛው የተነጠቀ ንብረት በፍርድ ቤት የሚመለስበት መንገድ መከፈቱ ነው።

እነዚህ እስካልተሟሉ ድረስ ወደ ካርቱም ተመልሶ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከ2015ቱ ቀዳም ሥዑር በፊት የነበረውን ስሌት ይደግማል። ልዩነቱ አሁን አደጋውን ማወቁ ብቻ ነው። ከራማውን ያርዳል፣ ጎረቤቱን ያበላል፣ ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። የወንበሩንም ላስቲክ አያነሣውም።